ከስጋጃው ሥር

ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም.
የሸዋ ሮቢት ሙቀት ዘንድሮ አይጣል ነው። ለአለቃዬ ለወረዳ ገዢው ለቀኛዝማች ይልማ ቢሮ ከአዲስ አበባ አዲስ ስጋጃ መጣ። ቀይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ትልቅ ሹም ሊመጣ ነው አሉ። የቆላው ድርቅ እውነት መሆኑን አይቶ እህል ይላክ አይላክ የሚወስነው እሱ ነው። የኛ ጭንቀት ግን ስጋጃው። ወለሉ አፈር፣ አፈሩ ምስጥ... እንዲሁ ቢነጠፍ በሳምንት ወንፊት ይሆናል። ከሥሩ ምን ይግባ?

ግንቦት 7
ቀኑን ሙሉ ይኸው ወሬ። ሰሌን አልኩ። "ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል" አሉ ቀኛዝማች። ጆንያስ? "ምስጥ ጆንያ ይጠላል ያለህ ማነው ደምሴ?" በመጨረሻ ራሳቸው ፈረዱ፤ ቁርበት። ወፍራም ነው፣ ለእግር ይመቻል፣ ዘንድሮ ደግሞ እንደ ቆዳ የረከሰ ነገር የለም። ለምን እንደረከሰ ጠፍቷቸው ነው? ከብቱ እያለቀ እኮ ነው...

ግንቦት 9
ቆዳ ነጋዴው ሷሊሕ በአህያ ጭኖ አመጣው። ያልተፋቀ፣ ያልለፋ፣ ጥሬ። እንዳራገፈው ዝንቡ ወረደበት። ትል አየሁ። ምሳዬን አልበላሁም። በክት እኮ ነው፤ አንዱም ቢላዋ ያየ አይደለም። "ይሄ ለመነጠፍ ይሆናል?" ስለው "ወላሂ እኔስ ቤቴ አላስገባውም" አለኝ።

እትዬ መሪያም እንደ ሁልጊዜው በራፍ ላይ ነበሩ። ስለ እህል አቤት ለማለት ከቀያቸው በእግር የሚመላለሱ ሴት ናቸው። አንዱን ቆዳ ዳሰስ አደረጉት። "ዳለቻው በሬያችን ነው። ልጄ ያርስበት ነበር። ሲሞት ገፍፈን ለሷሊሕ ሸጥነው" አሉ። አላለቀሱም። "እንግዳው ይሰማናል ልጄ?"
ይሰማል አልኳቸው። ከየት አምጥቼ ነው?

ግንቦት 13
አነጠፍን። ቁርበቱ ከሥር፣ ስጋጃው ከላይ። ሲረገጥ ይመቻል፣ አይካድም። ቤቱ ግን ይከረፋል። ቀኛዝማች ሽቶ አስረጩ፤ ባሰበት። ወጥቼ አስመለሰኝ።
ለእንግዳው የምንለውንም አስጠኑን። "ዝናቡ ትንሽ ዘገየ እንጂ ከብት አልሞተም።" ድርቅ አለ ከተባለ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ መባላቸው ነዋ። ከሽታውና ከንግግሩ የቱ እንደሚብስ እንጃ።

ግንቦት 14
እንግዳው መጡ። እነ እትዬ መሪያም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዋሉ፤ ዘበኛው አላስገባቸውም። እንግዳው ገና ሳይቀመጡ መሐረብ አወጡ።
"ምንድነው የሚሸተው?"
"ምንጣፉ አዲስ ስለሆነ ነው ክቡርነትዎ" አሉ ቀኛዝማች። ወይ ጉድ።
"ከብት ሞቷል የሚባለውስ?"
"አንድም አልሞተም።"
ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ የስጋጃውን ጫፍ ገለጥኩት። ትሉ ይርመሰመሳል። "የሞቱት እነዚህ ናቸው ጌታዬ። ባለቤቶቻቸው ውጭ ቆመዋል፣ የሚበሉት የላቸውም" አልኩ።
እንግዳው አዩ... አዩና "ይሄ አስቸኳይ መፍትሔ ያስፈልገዋል። እኔ ራሴ እልካለሁ" ብለው ወጡ። ተመስገን። ሮጬ ለእትዬ መሪያም ነገርኳቸው። እጄን ሊስሙ ሲሉ ሸሸሁ፤ አፈርኩ።

ግንቦት 20
ቀኛዝማች እስካሁን አያናግሩኝም። ይሁና። እህሉ ይምጣ እንጂ።

ሰኔ 2
ከባድ መኪና ከአዲስ አበባ ገባ። ሰው ስልቻውን ይዞ ጎረፈ፣ እትዬ መሪያም ከፊት። ሸራው ተገለጠ።
ስፖንጅ። ከስጋጃ ሥር የሚነጠፍ፣ ጥቅል ጥቅል ስፖንጅ። እህሉስ? አልኩት ሾፌሩን። "የምን እህል? ቢሮው ይሸታል ተብሎ ይሄን ጫን አሉኝ" አለ።
ትፍ። ሌላ ምን ይባላል?
እትዬ መሪያም ጠጋ ብለው በጣታቸው ጫን አደረጉት። "ይበላል?" አሉኝ። የምራቸውን ነው።
"አይ እትዬ፣ አይበላም።"
"በል እንግዲህ ደምሴ፣ አስገባና አንጥፈው" አሉ ቀኛዝማች ከበረንዳው። ሲያናግሩኝ ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያቸው ነው።
"እርስዎ ያንጥፉት" ብያቸው ወጣሁ። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም።