ትከሻህ ላይ ያለው እጅ

ውድ ዘአማኑኤል፣

«ተቃቅፈው የለም እንዴ? የታረቀን ሰው ማስታረቅ ጠብ መፈለግ ነው።»

ይህን ያሉት ጋሽ ወልደየሱስ ናቸው፤ አቃቂ በሰቃ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ አንተና ሳህሌ ሽፋኑ ላይ የወጣችሁበትን መጽሔት ከፍ አድርገው ይዘው። እኔ ከጀርባቸው ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የሽማግሌ ቃል ነውና አመንኩ። ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ራሴ መሆኔ እንኳ ከማመን አላገደኝም።

እናንተን ለማስታረቅ የተመረጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ የእሁዱ ሽምግልና እዚያው ሻይ ቤት ቀረ። እናትህ እትዬ ፈለቀች ለዕርቁ የገዙት በግም ወደ ፋሲካ ተዛወረ። ከሽፋኑ የተጠቀመ ቢኖር በጉ ነው።

ጠባችሁን አገር ያውቀዋል። ስንት ዓመት አብሮህ የሠራ ኪቦርድ ተጫዋችህ፣ የልጅነት ጓደኛህ፣ ኮዬ ፈጬ ሰርግ ላይ «ዜማው የኔ ነው» አለህ። አንተ ኪቦርዱን ጉልበትህ ላይ ልትሰብር ስትታገል፣ እሱ በማይክ መቆሚያ ጆሮህን ሰነጠቀው። ታዳሚው የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሙሽራዋ ደምህ ከነካው ቬሎዋ ጋር ኬክ ቆረጠች። ቪዲዮው ከዘፈኖችህ ሁሉ በላይ ታየና የመጽሔቱ አዘጋጅ ሥርጉት ሁለታችሁን ለሽፋን ፈለገች። «ፍቅር ይታይበት» አለችኝ፣ ጨው ጨምሪበት የምትል ያህል።

እንዳትገናኙ ሳህሌን ጠዋት፣ አንተን ከሰዓት ጠራናችሁ። እሱ ቡጢውን እንደጨበጠ ፎቶ ተነሳ፤ ዘርጋው ቢባል እምቢ አለ። አንተ ሁለቱንም እጅህን ኪስህ ከተትክ። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። አንገትህን ቆርጬ አቃናሁት። ሳህሌን ከክርኑ በታች ቆረጥኩት። የተሰፋ ጆሮህን ፋቅኩት። በኮምፒውተር ሲሆን ዲዛይን ይባላል። የሚያቅፍ እጅ ስላጣሁ የሱቅ ጎረቤቴን አቡዘርን፣ በያጁን፣ ለመንኩት። እጁን በቤንዚን ታጥቦ የወንበር መደገፊያ ላይ አሳረፈልኝና ፎቶ አነሳሁት። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለውን ቆዳ አጽድቼ ከሳህሌ ክርን ጋር ገጠምኩት፤ ትከሻህ ላይም አሳረፍኩት። ከላይ «እንደ ድሮው» ብዬ ጻፍኩ። ያማረ ዕርቅ ወጣው።

ቅዳሜ መጽሔቱን ጠቅልለህ ሱቄ መጣህ። ሳህሌ ቀድሞህ ስለዚያው እጅ ሊጨቀጭቀኝ መጥቶ ነበር። ሁለታችሁም ሌላው ለምኖ ያሠራው መስሏችሁ ነበር።

«ልመናህን በመጽሔት ጀመርክ?» አለህ።

«ትከሻዬ ላይ ያለው ያንተ እጅ አይደል? ማነው የለመነው?» አልከው።

«የኔ እጅ አንተ ላይ ሲያርፍ እንዲህ በቀስታ አይደለም። ጆሮህን ጠይቀው።»

እኔ «የአቡዘር ነው» አልኩ። ደጅ የብረት መቁረጫው ይጮህ ስለነበር የሰማሁት እኔው ብቻ ነኝ። አንተ ከአቡዘር ደጃፍ የብረት ቱቦላሬ አነሳህ። የመጀመሪያው ምት የሳህሌን ክንድ ሰበረው፤ እንደ ደረቅ ማገዶ ሲቀጭ ሰማሁ። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ ገባ። ከወደቀም በኋላ መታኸው፤ በአፉ ደም እየተፋ ስምህን ሲጠራ፣ መታኸው። ደሙ መሬት ላይ የዘረጋሁት የምረቃ ባነር ላይ ሄዶ የተመራቂዋን ስም ሸፈነ። አቡዘር ከኋላ ትከሻህን ጨምድዶ መሬት ላይ ደፋህ። ያ እጅ ያለ እኔ እርዳታ አንተ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። በሳምንቱ መጽሔቱ ተሸጦ አለቀና ሥርጉት ደግማ አሳተመችው።

አሁን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሆነህ ፍርድ ትጠብቃለህ። የሳህሌ ቤተሰቦች በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ከጠየቅክ፣ ታርቀናል ብለው ለዳኛው ሊያመለክቱ ቃል ሰጥተዋል። ቅጣቱ ሊቀልልህ ይችላል። ሳትጠይቅ ከቀረህ ግን ወጣትነትህን እዚያው ትጨርሳለህ። አንተ ደግሞ ለጋሽ ወልደየሱስ «መጀመሪያ ያቀፈኝ እሱ ነው፤ አቅፎኝ ሲያበቃ ሰደበኝ፤ እሱ ይምጣ» ብለህ መለስክላቸው አሉ። ዘኑ፣ አላቀፈህም። እጁ የአቡዘር ነው። አሁን መቁረጫው አይጮህም፤ ስማኝ።

ጋሽ ወልደየሱስ እሁድ ተመልሰው ይመጣሉ። ይቅርታህን ካንተ አፍ ካልሰሙ፣ ፎቶ እንደማይበቃቸው ተናግረዋል። ቀና ማለቱን ለመድረክ አቆየው። ድንጋይ ተሸከም ካሉህም ተሸከም፤ ትከሻህ ከዚህ የባሰ ተጭኖበት ያውቃል።

ሳህሌን ትናንት ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። ይበላል፣ ያወራል፤ ግራ እጁ ብቻ አልታዘዝ ብሎታል። ሰርጉንም፣ ሱቄንም፣ ብረቱንም አያስታውስም። መጽሔቱን ትራሱ አጠገብ አስቀምጦ፣ አንተ እስካሁን ለምን ልትጠይቀው እንዳልመጣህ ጠየቀኝ።

ነጅላ
አቃቂ በሰቃ