አንዷለም ሆኜ ስለ ፈረሰኞቹ ለአባባ ያወራሁት

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ ለየምሥራች፤

ከዚህ ከሩቁ አገር ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽ ጋሼ ንዋይስ ደህና ነው? የልጅሽ የገሊላ ሳል ለቀቃት? የሆሳዕና ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? አባባስ መድኃኒቱን ሳያጓድል ይወስዳል? ደረጃ ሲወጣ ያጥረው የነበረው ትንፋሹ ተሻለው? ጋሼ ንዋይ ለአክስታችን እንደነገራት ከሆነ እስከ ገበያው በእግሩ ሄዶ መመለስ ጀምሯል፤ ሐኪሙም ልቡ ጥሩ ነው ብሎታል። ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የምጽፍልሽም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። አክስታችን አረጋሽ አሁንም በአረጋውያን መጦሪያው ትሠራለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ሺፍት አታስቀርም። ልጇ ሐምራዊት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ትንሽ አሮጊት መስላለች። እኔ ትምህርቴን እየተማርኩ ነው። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን አንቺን መዋሸት አልፈለግኩም፤ አባባን የምዋሸው ይበቃኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽ አባባ እጅ ስለሚውል ነው። የምልክልሽንም መልእክት ገሊላ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ከቸርቻችን ሔለን ሐሙስ ስለምትበር ደብዳቤውን በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ቅዳሜ ሆሳዕና እገባለሁ ብላኛለች። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

ወንድማችን አንዷለም ሰኔ ላይ ከሥራ ሲመለስ ሃይዌይ ላይ በመኪና አደጋ የሞተብን ጊዜ፣ አባባ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መርዶው ይቆይ ያላችሁት ስለሳሳችሁለት እንደሆነ አውቃለሁ። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋዬም «በአንድ ሬሳ ላይ ሌላ እንዳንጨምር» አሉ። ሁላችንም እሺ አልን። አባባ ከሆስፒታል ወጥቶ «አንዷለም ለምን አይደውልልኝም?» ማለት ሲጀምር ግን የሚባለው ጠፋ። ያኔ አንቺ ስለ እኔ ለአክስታችን «የኤልቃና ድምፅ እኮ ዘንድሮ ቁርጥ የአንዷለምን ሆኗል» አልሻት። አንዷለም ትልቅ መኪና መንዳት ጀምሮ ወደ ምዕራብ፣ ኔትወርክ ወደማይገኝበት አገር ይመላለሳል ተባለ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ቸርች ከመሄዳችን በፊት፣ እኔ አንዷለም ሆኜ እደውላለሁ።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። «ደህና ነኝ አባባ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ይቆራረጣል» ብዬ እዘጋለሁ። አባባ ግን በዚያ የሚበቃው ሰው አይደለም። «አገሩ እንዴት ያለ ነው? መሬቱ ምን ያበቅላል? ከብት አለው?» ይለኝ ጀመር። እኔ እዚሁ ቅርባችን ካለችው ከስኔልቪል ከተማ አልፌ የማላውቅ ልጅ ምን ልበለው?

ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት የታሪክ አስተማሪያችን በቡድን የሚሠራ ፕሮጀክት ሰጠችን። ለእኔና ለቶሚ የደረሰን፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ የሰፈሩ ፈረሰኛ ወታደሮች ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ይውሉ እንደነበር አጥንቶ ለክፍሉ ማቅረብ ነው። ቶሚ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ በታች የሚኖር የሐበሻ ልጅ ነው። «ፈረስ? አንተ ሳይክል ላይ ስትወጣ እንኳ የምትጸልይ ልጅ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ለአባባ የማወራው አገኘሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እንዲህ አልኩት፦ «ባዶ ሜዳ ነው አባባ፤ ዛፍ አይታይም፤ ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል። ድሮ ፈረሰኛ ጦር ሰፍሮበት ነበር፤ ሙዚየም ገብቼ ታሪካቸውን አነበብኩ።» ፈረስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። ጋሪ ይነዳ በነበረበት ዘመን ከእኛ ይልቅ ከፈረሱ ጋር ያወራ ነበር እያልሽ ትነግሪኝ የለ? «ንገረኝ እስቲ፣ እንዴት ያኖሩት ነበር?» አለ።

ነገርኩት። ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም ተነሥቶ ስሙ ይጠራል። ከዚያ ወደ ጋጣ ነው። ፋንድያውን ይጠርጋሉ፣ ጀርባውንና እግሩን በብሩሽ ያሻሉ፣ ሰኮናውን እያነሡ ያያሉ። ማታም ይኸው ይደገማል። ዘመቻ ላይ ፈረሱ ሳይጠጣና ሳይበላ ሰውየው አይበላም። መንገዱ ሲረዝም ደግሞ ወርደው፣ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። አባባ «እነዚህስ ፈረስ ያውቃሉ» አለ። ምግባቸው እንደ ድንጋይ የደረቀ ብስኩት፣ ባቄላና ጨው የበዛበት የአሳማ ሥጋ ነው ስለው ግን «የአሳማ! ወይ ጉድ፣ አንተ እንዳትነካ!» አለኝ። ውጊያ የሚገጥማቸው አልፎ አልፎ እንደነበረ፣ ብዙውን ቀን እንጨት ሲፈልጡ፣ መንገድ ሲጠርጉና ውሃ ሲያመላልሱ እንደሚውሉ ስነግረው፣ «ታዲያ ምን ወታደር ትላቸዋለህ፤ የቀን ሠራተኛ በለኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። የሚስቀው ለአንዷለም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጥያቄ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ከፈረሰኞቹ መካከል ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም እንደነበሩ፣ ማንበብ የማይችሉትንም የጦሩ ቄስ ያስተምራቸው እንደነበር ስነግረው «እሰይ!» አለ። ቀጥሎ «የሚጠብቁት መሬት ግን የማን ነበር?» አለኝ። ከእነሱ በፊት የኖሩበት የቀይ ሕንዶቹ ነው አልኩት። እሱም «አስተማሪያቸው ቄስ ይህንንም ነግሯቸው እንደሆነ ጠይቅ» አለ። ለክፍሉ ስናቀርብ የአባባን ጥያቄ የራሴ አስመስዬ አነሣሁት፤ አስተማሪዋ እስከ ደወሉ ድረስ አከራከረችን።

መስከረም ላይ ደግሞ አስተማሪዋ ፈረስ ያላቸው ሰዎች ጋበዘችልን። ከትምህርት ቤቱ ኋላ ባለው ሜዳ ሁለት ፈረሶች አመጡ። ቶሚ ፎቶ ሊነሣ ብሎ ሄዶ ከአንደኛው ኋላ ቆመ። እኔ ሳላስበው «ከኋላው ውጣ አንተ! ጥርስህን ትፈልገዋለህ?» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ቁርጥ አባባን። ባለፈረሱ ሰውዬ ምን እንዳልኩ ባይገባውም ሳቀና ብሩሹን ሰጠኝ። አንገቱን ሳሸው ቆዳው ከእጄ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሙቀቱ እስከ ክርኔ ድረስ ተሰማኝ። እሑድ ለአባባ አንድ ሳይቀር ነገርኩት፤ በአንዷለም ስም። አባባም «አንዷለም፣ እጅህ የእኔ ነው» አለ። ፈረሱን የነካሁት ግን እኔ ነበርኩ፣ እታለም።

ለሌላ ሰው መናገርም አልችልም። ትምህርት ቤት ወንድም እንደነበረኝ የሚያውቀው ቶሚ ብቻ ነው። ቤት ደግሞ አንቺ በቪድዮ ስትደውዪ አባባ በድንገት እንዳያይ ተብሎ የቀብሩ ዕለት ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል። ጥቁር እንዳልለብስ፣ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳልጽፍ ተነግሮኛል። ቸርች የሚያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በርታ» ይለኛል፤ ስሙን ግን የሚጠራ የለም። ለፕሮጀክቱ ያነበብነው መጽሐፍ እንደሚለው በፈረሰኞቹ ካምፕ ሁለት ሁለት ወታደር አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ይተኛ ነበር፤ የአልጋ ጓደኛው ለወታደሩ ከሁሉ የቀረበ ሰው ነው። ይህን ገጽ ለቶሚ ተውኩለት፤ እኔ ላነበው አልቻልኩም። የአንዷለም አልጋ ከእኔው ፊት ለፊት እንደተነጠፈ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝን ልንገርሽ። በሁለት ሰው ስም ብደውል ይለየኛል ብላችሁ ስለፈራችሁ፣ ኤልቃና ሁልጊዜ ወይ ተኝቷል ወይ ትምህርት ላይ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እኔ እኔ ሆኜ አባባን አናግሬው አላውቅም። በቀደም «ያ ትንሹ ግን ረሳኝ» አለኝ። «አንተ በዚያ ሁሉ በረሃ ላይ ሆነህ ትደውላለህ፤ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ድምፁን ይነፍገኛል። ምከረው እንጂ፣ ታላቁ አይደለህ?» እኔም «እሺ አባባ፣ እመክረዋለሁ» አልኩት። ምን ልበል? ወንድሜን መሬት ወሰደብኝ፤ አባቴን ደግሞ ይህ ስልክ እየወሰደብኝ ነው።

ባለፈው እሑድ የሆነውን አክስታችን «ኔትወርክ ነው» ብላሻለች። ኔትወርክ አልነበረም። አባባ «እነዚያ ፈረሰኞች ሲሞቱስ እንዴት ይቀበሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ የሟቹ ቦት ጫማ በእርካቡ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ ተደርጎ ከሬሳው በስተኋላ ይሳባል አልኩት። እሱም ቀጥሎ ስለ አያታችን ለቅሶ አወራኝ። ፈረሳቸው ተሸልሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ለቅሶው መሐል ሲገባ አባባ ያን ጊዜ የእኔ እኩያ ነበር። «እስከዚያች ሰዓት አባቴ የሞተ አልመሰለኝም ነበር። ኮርቻውን ባዶ ሳየው ነው ያመንኩት፤ ያመንኩ ዕለት ደግሞ አልቅሼ ወጣልኝ» አለኝ።

ከዚያ «ቤተሰቡስ እንዴት ይረዳል? አገሩ ሩቅ ነው» አለ። አለቃው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል አልኩት። አባባ በአፉ «እህ፣ እህ» እያለ ቆየና «ግፍ ነው» አለ። «እናት በዚያ ሁሉ ቀን ለሞተ ልጅ፣ ጠብቅልኝ ብላ ስትጸልይ! እግዜርስ ምን ብሎ ይሰማታል?»

ከዚህ በኋላ እንደወትሮው ሊጸልይልኝ ጀመረ። «ጌታ ሆይ፣ አንዷለምን በመንገዱ ሁሉ ጠብቀው፤ ከመኪና አደጋ ሰውረው፤ በሰላም መልስልኝ» ብሎ ጨረሰና አሜን እስክል ጠበቀ። ስንት እሑድ አሜን ብያለሁ። ያን ዕለት አፌ እምቢ አለኝ። «ሄሎ? አንዷለም? ተቋረጠ እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ዘጋሁት።

የምሥራች እህቴ፣ አንቺን አልወቅስም። እኔ እሑድ እሑድ ብቻ የምሸከመውን አንቺ በየቀኑ ከአባባ ጋር አንድ ቤት ሆነሽ ትሸከሚዋለሽ። ግን አባባ አሁን ቆሞ ይሄዳል። የምንጠብቀው እሱ እስኪድን ነበር፤ አሁን ግን ፈሪዎቹ እኛው ነን ይመስለኛል። ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው፦ በዚህ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ፓስተራችሁንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተሽ፣ ጋሼ ንዋይ አጠገቡ ተቀምጦ፣ መርዶውን ይንገሩት። የጤና ጣቢያዋን ነርስም አብራችሁ እንድትሆን ለምኗት። አትፍሪ አልልሽም፤ እኔም እፈራለሁ።

አክስታችን ይህን መጻፌን ታውቃለች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «አባትህን ልትገድለው ነው?» አለችኝ። በኋላ የሐምራዊትን ፀጉር እየሠራች ሳለ፣ ወደኔ ሳትዞር፣ «እኔም እኮ ወንድሜን ማጽናናት አምሮኛል» አለች።

እኔ እንደወትሮው እደውላለሁ። በዚህ እሑድ እዚህ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ በእናንተ ዘጠኝ መሆኑ ቀርቶ አሥር ሰዓት ይሆናል። አንዷለም ሆኜ አልደውልም። መርዶው ተነግሮት ከጠበቀኝ አብሬው አለቅሳለሁ፤ የወንድሜን ለቅሶ ከአባቴ ጋር እስካሁን አልተቀመጥኩምና። ካልተነገረው ግን «ኤልቃና ነኝ» እለዋለሁ፤ አንዷለምስ ብሎ ከጠየቀኝ አልዋሸውም። መርዶ በስልክ መናገር፣ ያውም በልጅ አፍ፣ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እባክሽ ለዚያ አታድርሺኝ።

ጋሼ ንዋይን አክብሬ ሰላም ብዬዋለሁ፤ እሑድ ከአባባ አጠገብ እንዳይለይ አደራ በይልኝ። ገሊላን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ሐምራዊትም የወለቀ ጥርሷን ፎቶ ልካላታለች፣ ትሳቅባት። አክስታችን ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ ብላለች። አንቺን ራስሽን አንገትሽን አቅፌ ስሜሻለሁ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እስከ ዛሬ በመንገደኛ እጅ የምንልከው ሰላምታ ከሁለታችን ነበር። ይህኛው ከትንሹ ልጁ ነው፤ ከእኔ ብቻ።

ወንድምሽ ኤልቃና
ስኮትዴል፣ አትላንታ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.