ባጃጅ አስቁሞ ለቅሶ

ሰኞ

ትሂድ! ከፈለገች ትሂድ! ብዬ ስልኩን ወረወርኩት። ደግነቱ የወደቀው የወረቀት ክምር ላይ ነው። ወዲያው ደነገጥኩ። አስተግፊሩላህ።

የደወለችው ጫልቱ ናት፣ ጉቴ የምትኖረው የአክስቴ የእቴቴ ዘሀራ ጎረቤት። "አካም ቡልቴ ሰዓዳ" ብላ ሰላም አለችኝና ቀጥላ፣ እቴቴ ቅዳሜ በሚሄደው አይሱዙ ወደ ኪራሙ ልትመለስ ዕቃዋን ጠቅልላለች አለችኝ። ኪራሙ! ነፍሳችንን ይዘን የወጣንበት! ቤቱ ይቁም ይፍረስ የሚያውቅ የለም። በቀደም የተመለሱት ሰዎች ስልካቸው እንኳ አይሠራም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ሴት ብቻዋን እዚያ ልትገባ። ምክንያቷም እኔ ነኝ አሉ። "ሰው የለኝም እዚህ" ብላለች።

ምን በደልኩ? ባሏ አጎቴ ይመር ባለፈው ሳምንት የሞተ ጠዋት ድንኳኑን ማን አስተከለ? ወንበሩን፣ የውሃ ሮቶውን፣ ዱቄቱን ማን ላከ? እዚሁ ነቀምቴ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያተምኩ፣ ሁሉን በስልክ ጨረስኩት። ድንኳኑ ከለቀስተኛው ቀድሞ ነው የደረሰው! ያን ቀን ሌላ ለቅሶና አንድ አራስ ጥየቃ ነበረብኝ። የገመቹን ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሦስቱንም አዳረስኩ። ጎበዝ የሚለኝ ሲጠፋ፣ ጉቴ ላይ "ባጃጅ አስቁማ ለቅሶ የደረሰች" የሚል ስም ወጣልኝ። ገመቹ ውጪ ሆኖ ክላክስ ቢያደርግ እኔ ምን ላድርግ? ጫማዋን ሳታወልቅ ተነሣች ይሉኛል ደግሞ። ጫማዬን ነው የሚያዩት!

ማክሰኞ

ደወልኩላት። "ማነሽ?" አለችኝ። ድምፄ ጠፍቷት ነው? ልታቃጥለኝ ነው። "ሰዓዳ ነኝ" ስል ዘጋችው።

እሺ። ሽማግሌ ይግባ። የቅሬያችንን ሰዎች፣ ቀብር የሚያስፈጽሙትን ሦስቱን፣ ደንበኛ እያስተናገድኩ በስልክ አገናኘኋቸውና መኪና ላክሁላቸው። ከምሳ በፊት ተመለሱ። "ሽማግሌም በስልክ ይታዘዛል እንዴ?" አለቻቸው አሉ። ሲነግሩኝ ይስቃሉ! ሽማግሌ ተብዬዎች። በልተው ጠጥተው፣ በእኔው መኪና ተመልሰው፣ በእኔው ይስቃሉ።

ረቡዕ

ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለእቴቴ አዘጋጀሁ። አስጠረግሁ፣ ቀለም አስቀባሁ፣ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ባልዲ፣ መስገጃ። በአንድ ከሰዓት! እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ የሚሠራ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ያሳዩኝ። ፎቶ አንሥቼ ለጫልቱ ላክሁት፣ "አሳዪያት" አልኳት።

የእቴቴ መልስ መጣ። "ፍራሹ ያማረ ነው፣ ታከራየው" ብላለች። በንዴት የአንድ ተማሪ ወረቀት ገልብጬ አተምኩ፣ ሙሉውን። ልጁም አይቶ ተናገረኝ፤ እኔም አልማርኩትም።

ሐሙስ

መፍትሔ አገኘሁ። የአይሱዙውን ሹፌር ስልክ ፈልጌ ደወልኩለት፤ "ያቺን አሮጊት እንዳትጭናት" አልኩት። ችግር የለም አለኝ። አለቀ። ሦስት ቀን የተሟገትኩበትን በአንድ ስልክ ቆረጥኩት። ቀላል ነበር እኮ!

ዓርብ

ሹፌሩ አፉ አያርፍም፤ ነግሯታል። እቴቴም፣ ካልጫነኝ ጠዋት በእግሬ እወጣለሁ ብላለች። ይኼን የነገረችኝ ጫልቱ ናት፣ ለገበያ ነቀምቴ መጥታ ሱቄ ድረስ ገብታ። ሹፌሩም በእግሯ ከምትሄድ ብሎ ሊጭናት ተስማምቷል። ባሰበት እንጂ አልተሻለም።

ጮህኩባት። "ሳምንቱን ሙሉ ያልሠራሁት ምን አለ? ንገሪኝ!"

"ታኢ" አለችኝ። ተቀመጪ ማለቷ ነው።

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"አውቃለሁ። እሷ ጋ ሂጂና ታኢ። ሌላ ነገር አልፈለገችም እኮ። ያ ዋቀ፣ አንቺ ሰው ደግሞ!" ብላ ጎመኗን አንጠልጥላ ወጣች። እኔን ልትመክር! አንድ ጎመን ለመግዛት ግማሽ ቀን የምትፈጅ ሴት!

ከሄደች በኋላ ማሽኑን አጠፋሁት። ጉቴ ቅርብ ናት። ከለቅሶው ወዲህ አንዴ እንኳ አልሄድኩም። ሁሉን ነገር ልኬ እኔ ቀረሁ።

ቅዳሜ

ሱቁን ዘጋሁ። በቅዳሜ! ጉቴ ስንደርስ ገመቹ "ልጠብቅሽ?" አለኝ። ሂድ አልኩት። "መቼ ልምጣ?" ሲለኝ "ሂድ አልኩህ እኮ!" ብዬ አምባረቅሁበት። ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም።

እቴቴ በሩ ሥር ምስር ትለቅማለች። ሦስት ጥቅል ዕቃ አጠገቧ ተደርድሯል። አሰላሙ አለይኩም ስላት ለሰፌዱ መለሰችለት። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ባጃጅሽ እንዳያመልጥሽ" አለችኝ።

"ሄዷል።"

ከዚያ ጀመረችኝ። ምላሷ አልደከመም። ፈጣን፣ ነፋስ፣ ጥቅልል፣ ምን ያላለችኝ አለ? "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለችኝ። ልመልስላት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። መልሼ ብሆን ጨርሼ እወጣ ነበር።

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይመር ሲታመም መድኃኒት ላክሽ። ብርቱካን ላክሽ። ያ ምስኪን በር በተንኳኳ ቁጥር 'ሰዓዳ ናት?' ይል ነበር። እስከ መጨረሻው።"

ይኼን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። አለቀስኩ። በድንኳኑ ቀን ያላለቀስኩትን፣ አጎቴን፣ ገና ዛሬ አለቀስኩት። እቴቴ አላባበለችኝም። ሰፌዱን ገፋ አድርጋ መሐላችን አስቀመጠችው እንጂ። አፍንጫዬን እየጠረግሁ አብሬ መልቀም ያዝኩ።

"ቀስ በይ። ጠጠሩን አለፍሽው" አለችኝ።

አይሱዙው መጣ። መንገዱ ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። አትሂጂ ብዬ እግሯ ላይ መውደቅ አማረኝ፤ ግን ምስሩን መልቀም ቀጠልኩ። ደገመ። ቀና ብላ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ ወደ እግሬ፣ ከዚያ በሩ ላይ ወዳለው ጫማዬ። ሹፌሩ አንዴ ተሳደበና መኪናውን አንቀሳቀሰ። አልተነሣችም።

"የት ነው የምታድሪው?" አለችኝ።

"እዚሁ።"

"ሱቅሽስ?"

አንዲት ጠጠር አገኘሁና ለቅሜ ጣልኩ።

የላይኛውን ጥቅል ፈታች፤ የአጎቴን ብርድ ልብስ አወጣችና ወረወረችልኝ። ከዚያ ጥቅሉን መልሳ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። አይሱዙው በሚመጣው ቅዳሜም ይመለሳል።