የሙሽራዋ መኪና ዘይት

ሰኞ፣ ጥር 18

መኪናዋ ውስጥ ያለው ዘይት የእኔ አይደለም። ሦስት ጊዜ መለኪያውን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አየሁት። ያው ነው። ቀጭን፣ እንደ አዲስ ማር የጠራ። እኔ ከገና በፊት ያደረግሁላት ወፍራሙን ሃያ በሃምሳ ነው፤ እስካሁን መጥቆር ነበረበት።

የአበልጄን የአያሌውን መኪና ዋናው መንገድ ላይ ቆማ ነው ያገኘኋት። እሱ አጠገቧ የለም። እጄ ለምዶበት ኮፈኗን ከፈትሁ እንጂ ምንም አልጠረጠርሁም ነበር።

ይችን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። ባለ ሁለት በር የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ አያሌው ሲገዛት ሞታ ነበር። ሞተሯን አውርጄ ፒስተኗን የቀየርሁ፣ ሁለተኛ ካርቡሬተር የጨመርሁላት፣ ሙሽራ እንድትጭን ጣሪያዋን ቆርጬ ሸራ ያለበስኋት እኔ ነኝ። እሑድ አያሌው ልጁን ብርቱካንን ይድራል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ሙሽሮቹን የምነዳውም እኔ ነኝ።

ታዲያ ይህ የማን ዘይት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

እንዲነግረኝ ዕድል ሰጠሁት። የድንኳኑን ቦታ ስንለካ «መኪናዋስ እንዴት ናት?» አልሁት።

«ተመስገን፣ ደህና ናት» አለና ወደ ሜትሩ ዞረ።

«የማያውቃት ሰው እንዳይነካካት ብዬ ነው።»

«ኧረ ከአንተ ሌላ ማን ይነካታል?»

ይህን ሲለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ መዋሸት ግን አልተማረም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለጥሩወርቅ ነገርኋት። «ዘይት ነው እንጂ የቀየረው፣ ሚስት ቀየረ አላልኸኝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። ለብርቱካን የክርስትና እናቷ እሷ ናት፤ ከአያሌው ቤት ጋር አበልጆች ነን። እንዲህ ያቃጠለኝም ለዚህ ነው።

ምክንያት ልፈልግለት ሞከርሁ። ቸኩሎ ይሆናል። እኔ ጋ መጥቶ ዘግቼ አግኝቶኝ ይሆናል። አርጅቷል ብሎኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ማሰቡን ተውሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

በእኛ ከተማ የነካት ቢኖር ወሬው ይደርሰኝ ነበር፤ ስለዚህ ቡሬ ሄድሁ። ለጥሩወርቅ መለዋወጫ ፍለጋ ነው አልኋት። እኔም ዋሸሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ላይ ዘይቷን የቀየረውን ሰውዬ አገኘሁት። ልጣላው ነበር የሄድሁት፤ እሱ ግን ስሜን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ። «ያንን ሞተር የሠሩት አያ ሙላት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ንዴቴ ግማሽ በግማሽ ወረደ።

«እንዲህ ላለ ሞተር አምስት በሠላሳ ይደረጋል?» አልሁት።

«እኔማ አይሆናትም ብያቸው ነበር። መምህሩ ግን፣ ውጭ አገር እንዲህ ዓይነት መኪና ያላቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ጽፈውት በስልኬ አንብቤያለሁ አሉኝ።»

ውጭ አገር! ያ ቀጭን ዘይት ለአዲስ ሞተር የተሠራ ነው። የዚህች ሞተር ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ ወፍራም፣ ፍትጊያውን የሚከላከል ዚንክ የበዛበት ዘይት ካላገኘች ራሷን በልታ ነው የምትጨርስ። ይህን አያሌው ከአፌ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል።

«ለምን ወደ እኔ አላመጣትም?»

ሰውየው እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እጁ ንጹሕ ነበር። «እሱን እርሳቸውን ቢጠይቋቸው ይሻላል» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ከቅዳሴ ወጥተን ከቅጥሩ ጥግ ያዝሁት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድሁም። «አያሌው፣ ከዳኸኝ። በዐይንህ ያላየሃቸውን ፈረንጆች አምነህ እኔን ጣልኸኝ። ለእሑድ ሌላ ሹፌር ፈልግ።»

ነጠላውን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከዚያ «ፈረንጆቹ ሰበብ ናቸው፤ ብትደርስብኝ በእነሱ ላሳብብ ብዬ ነው» አለ።

እንደ ነገረኝ፣ ዘይት ቀይሬላት የወሰዳት ቀን ቤቱ ሳይደርስ የዘይት መብራቱ በርቷል። ወርዶ ሲያይ ዘይቷ በሙሉ መንገድ ላይ ፈሷል። ከሥሯ ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን አልጠበቀም፤ በሁለት ጣቱ ዞረለት። ከተማችን ውስጥ ቢያሠራት ወሬው ጆሮዬ እንዳይደርስ ሰግቶ አስጎትቶ ቡሬ ወሰዳት።

«የዚያን ቀን ሐሳብ ይዞኝ ይሆናል» አልሁት።

«የመጀመሪያው ቢሆን ለአንተው አልመልሳትም ነበር? ዓመት ሆነው እኮ፣ ሙላት። አንተ ሠርተህ በሰጠኸኝ ቁጥር ቤት ገብቼ ቡሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ አጠብቃለሁ። የዚያን ቀን ቤት ሳልደርስ ቀደመኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«በየትኛው አፌ?»

ጥዬው ሄድሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ አንድ የወደቀ ሞተር ላይ ቡሎን አጠበቅሁ። የክንዴ ሥር እስኪገተር። ከዚያ ጥሩወርቅን ጠርቼ «በጣትሽ አዙሪው» አልኋት። ዞረላት። ደግሜ አጠበቅሁ። ዞረላት። በሦስተኛው «በቃህ፣ አትልፋ» ብላ አለቀሰች።

«አንችም ታውቂ ነበር?»

«ብርጭቆ ከእጅህ ሲወድቅ የምለቅም እኔ አይደለሁም?»

ቀኝ አውራ ጣቴ ከደነዘዘ ዓመት ሆኖታል። ብርድ ነው እያልሁ ነበር።

እጄ ከዳኝ። አበልጄ ከዳኝ። ሚስቴም አብራ። የማላውቀው የቡሬ ሰው እንኳ ከእኔ በፊት ያውቃል። የራሴን ጉድ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ደግሞስ ብርቱካን በዚያች መኪና ላይ ብትሆን ኖሮ፣ የላላው የጎማ ቡሎን ቢሆን ኖሮ? ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

አያሌው በጠዋት መኪናዋን ደጄ ላይ አቆማት። ሰላምታውን መለስሁለት።

«የማይሆናትን አፍስሰው» አለኝ። «የሚበጃትን አንተ ምረጥላት። ቡሎኑን እኔ ላጥብቀው።»

ሂድልኝ ልለው አፌን ከፈትሁ። ግን ነገ ሠርግ ነው። ገብቼ ሃያ በሃምሳውን አወጣሁ፤ ሁለት ዓይነት ነበረኝ፣ ዚንክ የበዛበትን መረጥሁ። እሱ በተተኮሰ ሸሚዙ መሬት ላይ በጀርባው ተኛ።

«በቃ?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ጨምር።»

እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር የቆምሁት።

እሑድ፣ ጥር 24

ቡሬ፣ ሙሽራው ደጅ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። መንገዱን ሙሉ አንድ ዐይኔ የዘይት ግፊት መርፌው ላይ ነበር። አንዴም አልወረደም። ሞተሯ ጮማ የበላ ድመት ይመስል ስታንጎራጉር መጣች።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ?» አለችኝ ብርቱካን ከኋላ። መንገዱን እያየሁ ነው አልኋት።

እልልታው ሲቀበላቸው እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ። መሬቱ ደረቅ ነው።

አያሌው የሙሽራዋ አባት ነውና ቤቱ ቀርቷል። ደወልሁለት። ገና ሳይጠራ አነሣው።

«ከሥሯ አየህ?»

«ደረቅ ነው። ልጅህም ደህና ገብታለች።»

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። «ማክሰኞ ስለ እጅህ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አለ።

«አያለሁ» አልሁት። የዕርቅ ቃል ይጠብቅ ነበር። አላልሁትም። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

ስልኩን ዘግቼ ወረድሁ። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነው። መኪናዋ ሥር ገብቼ አያሌው ያጠበቀው የማፍሰሻ ቡሎን ይላላ እንደሆን ልይ ብዬ በዚያው በደነዘዘ እጄ ታገልሁት። ፍንክች አላለም።