ዓይነ አፋር ያልናት ልጃችን

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የሰፈሩን ወሬ ትቼ የቤታችንን ልንገርህ። እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ነን። እኔም እንግልውድ ከተማ ያሉትን አረጋውያን እየጦርኩ ነው። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እንዴት ፓርክ እንደማደርጋት ብታይ ግን በሳቅ ትሞት ነበር።

ሜሮን አምስት ዓመት ሞላት። በቁመቷ አንተን ወጥታለች። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው። ልጃችን ኦቲዝም አለባት።

ቃሉን በአማርኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። እናቴ በስልክ ምኗን ነው የሚያማት ብላ ጠየቀችኝ። የትም አያማትማ!

ትዝ ይልሃል፣ ቸርች ሽማግሌዎቹ ሊስሟት ሲጎነበሱ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች። እነሱም ጌታ ይባርካችሁ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደጋችሁ ይሉናል። አንተ ደረትህን ነፍተህ ዓይነ አፋር ናት ትላለህ። እዚህ የተወለዱት ሁሉ ትልቅ ሰው ላይ ሲያፈጡ እያየን፣ የእኛዋ አገር ቤት ያደገች መሰለችን። ማን ይጠረጥራል?

አንተ ካረፍክ በኋላ አፏን አልፈታ ብትል ለምርመራ ወሰድኳት። አስተርጓሚው በስልክ ነበሩ፤ ኤርትራዊ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ በዕድሜ የገፉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። ሰው ስታናግር ዓይን ለዓይን ታያለች ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ኧረ በፍጹም፣ ዓይነ አፋር ናት፣ ጨዋ ናት አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት። እሳቸውም ቃሌን ሳያጎድሉ አደረሱልኝ። መርማሪዋ ፈገግ ብላ፣ ዓይናፋርነትና የሁለት ቋንቋ መደበላለቅ ነው፣ ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዪው ብላ አሰናበተችኝ። ከዚያ ወዲያ ልጄን በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ አሳደግኳት። ስታለቅስ እንኳን እሹሩሩ ማለት ፈራሁ፣ ታዴ።

በቅርቡ ዴንቨር ሌላ ሐኪም ዘንድ ተራ ደረሰን። ይቺኛዋ ስለ ዓይኗ አልጠየቀችኝም። በጣት ወደ ሩቅ ሲያመለክቱላት ወዴት ነው የምታየው አለችኝ። አንተ መጣህብኝ። በረንዳው ላይ ታቅፈሃት አውሮፕላን ስታሳያት፣ እሷ አውሮፕላኑን ትታ ጣትህን ትኩር ብላ ስታይ። ጣቴን ወደደችው እያልክ ትፍለቀለቅ ነበር። ይህንኑ እያለቀስኩ ነገርኳት፤ እሷም ጻፈችው። ያ ሁሉ የሳቅንበት፣ ያ የኮራንበት አንገት መድፋቷም ለካ የኦቲዝም ምልክት ኖሯል። ብዙ ነገር አይታ፣ ብዙ ጠይቃ፣ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ። አማርኛውንም ማን ተዪ አለሽ፣ በሚቀናሽ ቋንቋ አጫውቻት አለችኝ። እንደ ልቤ እሹሩሩ እላታለሁ አሁን።

አንድ ጥያቄዬን ግን ሐኪሟም አልመለሰችልኝም። ለቅሶህ ላይ ሰው ሁሉ ሲያነባ ሜሮን ጥግ ይዛ የወረቀት ኩባያ ትደረድር ነበር፤ ሰዉም አላስቸገረችም ብሎ አመሰገናት። አባቷ እንደሌለ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ለጊዜው ማወቅ አይቻልም ተባልኩ። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ከበሽታው ስም ይልቅ ይህ። ምናልባት ናፍቀሃት ይሆናል፣ መንገሪያው ጠፍቷት። ምናልባትም ረስታሃለች።

እሷ አፍ አውጥታ እስክትነግረኝ ድረስ፣ የእሷንም ድርሻ እኔ አስታውስሃለሁ።

ያንተዋ ሰናይት