ሁለት ጊዜ ድንኳን የተጣለላቸው አቶ ኮርሳ ሮበሌ

አቶ ኮርሳ ሮበሌ ከአባታቸው ከአቶ ሮበሌ ነገሪና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገላኔ ዳባ በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. መካኒሳ ተወለዱ። ያደጉት ዛሬ ፎቅ በቆመበት፣ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው የአባታቸው ማሳ ላይ ነው። ፊደል በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር አጠናቀቁ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪካቸው እንደ ወጉ ለስለስ ባለ ቃል እንዲነበብ የዕድራችን ዳኛ አቶ ሚሳኤል መክረው ነበር። እኛ ቤተሰቡ ምክራቸውን እናከብራለን። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ልጃቸው ሴና ግን አላለሰለሰችውም።

አቶ ኮርሳ በ1960 ዓ.ም. በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ተቀጠሩ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ትራምፔት ነበር፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሲታመም «እስኪሻለው ያዝለት» ተባሉና ዕድሜ ልካቸውን ያዙት። አባታቸው አቶ ሮበሌ ጊታሩን አገላብጠው አይተው፣ ይሄ ደግሞ ምን ያርሳል ማለታቸውን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። ኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር ዝናር ባንድን አቋቁመው የአገራችንን ቅኝት በፈንክ ሲጫወቱት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኖቻቸውን ቀረጹ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲጫወቱ ጓደኛቸው ቴዎ በቴፕ ቀዳቸው። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነበርና አንዴ አዳራሽ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም። አቶ ኮርሳ፣ ሰው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ማይኩን ይዘው «የት ትሄዳላችሁ? ገና ነው» ይሉ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ቤዙ ይቀጥላል።

በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ክብረት ገሠሠ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሲራክን፣ ሴናንና ፍሮምሳን አፍርተዋል። የሙዚቃው ሥራ ሲቀዘቅዝ በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው እስከ ጡረታ አገለገሉ። ቅዳሜና እሑድ ግን ጊታራቸውን ይዘው የሠርግ ቤት ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቢሆን የሚጠራቸው አላጡም።

በ2012 ዓ.ም. አንድ አሳታሚ ድርጅት የስቱዲዮውንና የአዳራሹን ቅጂ አንድ ላይ አድርጎ በሸክላ አወጣው። ሥራው ያምራል፤ ይህን አንክድም። ሽፋኑ ላይ ግን «ታላቁ ቤዚስት ኮርሳ ሮበሌ በ1983 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ተብሎ ተጽፏል። የአሳታሚው ቢሮ ብስራተ ገብርኤል ነው። ከብስራተ ገብርኤል መካኒሳ አቦ ድረስ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ይህ ሰው አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? መጠጥ ቤት የሰሙትን ወሬ ይዘው አባታችንን በቁማቸው ቀበሯቸው።

ከሽፋኑ ላይ ያነበበው የሬዲዮ አቅራቢ ነፍሳቸውን ይማር ሲል የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ አቶ ሁንዴሳ ለቡ ሰፈር ሆነው ሰሙ። እኛ ዘንድ ሞት ሲሰማ አስቀድሞ ይነፋል፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እናም ጡሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ መጣ፣ ንፍሮው ተጣደ። አቶ ኮርሳ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ሰው ድንኳን ሲተክል አገኙ። ጎረቤት የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አደግድገው አንዱን ቋሚ ያዙ። አቶ ሁንዴሳ ቀና ብለው እስኪያዩአቸው ድረስ የራሳቸውን ድንኳን ሲያቆሙ ነበር። ሰው አፍሮ ሊበተን ሲነሳ፣ «የት ትሄዳላችሁ? ገና ነው» አሉ። ጊታራቸውን አውጥተው ተጫወቱ፤ ንፍሮውም ተበላ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሴና አልሳቀችም፤ ልክም ነበረች።

ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የሚጠራቸው ጠፋ። ሙት ማን ይጠራል? ሽፋኑን ያየ ሁሉ ቁርጡን አወቀና ሌላ ሰው ፈለገ። አሳታሚው በስማቸው የመታሰቢያ ዝግጅት ሲያደርግም እርሳቸው ክራቫታቸውን አስረው ሄዱ። በር ላይ የመጥሪያ ካርድ ተጠየቁ። ካርድ ስላልነበራቸው የራሳቸውን መታሰቢያ ከውጭ ቆመው አዳመጡ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በማግስቱ ከሴና ጋር ቢሮው ድረስ ሄደው ሥራ አስኪያጁን «ሌላ አልጠይቅም፤ በሕይወት እያለሁ፣ በሕይወት አለ ብላችሁ ጻፉልኝ» አሏቸው። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቀው በሚቀጥለው ኅትመት ይታረማል አሉ። የሚቀጥለው ኅትመት ወጣ። ቀለሙን ቀይረውታል፤ ሞታቸውን አልነኩትም።

አቶ ኮርሳ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ አዲስ ሸክላ መጣ በተባለ ቁጥር ሴናን ሽፋኑን አንብቢልኝ ይሏት ነበር፤ እሷም አንብባ «ያው ነው» ትላቸዋለች። ትናንት አሳታሚው የአበባ ጉንጉን ላከ። አብሮ የመጣው መልእክተኛ፣ ከእንግዲህ እርማቱ የሚያስፈልግ አይመስለንም ብሏል። አበባው ከበር ተመልሷል። ለቀስተኛ መመለስ ወጋችን እንዳልሆነ እናውቃለን፤ አቶ ሚሳኤልም ተቆጥተዋል። ይቆጡ። እኛም ተቆጥተናል።

ሸክላው ያላችሁ ዘመድ ወዳጆች ሽፋኑን ተዉትና የአዳራሹን ቅጂ አድምጡ። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት የራሳቸው ድምፅ አለ፤ የት ትሄዳላችሁ ይላል።

አቶ ኮርሳ ሮበሌ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። እስከዚያች ቀን ድረስ በሕይወት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ክብረትን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዛሬ በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ያርፋሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። እርሱ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ ከወሬ አይሰማም።