የጥብስ ቅጠልና የሆዮ ቅቤ

ካምፓላ ላለው ወንድሜ ለዓዋሌ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወላል። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህስ እንዴት ሆነ? የመለዋወጫ ሱቁ ቀኑን ሙሉ አስጎንብሶ እንደሚያውልህ ባለቤትህ ካውሰር ነግራኛለች። እሷስ ደህና ናት? መንታዎቹስ? ጥርስ አበቀሉ ወይስ አሁንም ያገኙትን ጣት ያኝካሉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ አንተ የምታውቀው ነው። ትናንት ተራራው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ደፍርሶ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲያየው ዋለ። ዛሬ ደግሞ አሸዋው ደርቆ ግመሎች ይሻገሩበታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ያስገርምህ ይሆናል። በስልክ ስናወራ እናታችን ሆዮ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ ይህን ነገር እንድነግርህ ብትፈቅድልኝም «በስልክ ግን አይሁን፤ ሲሰማ ዝም ሲል መስማት አልፈልግም» አለችኝ። እንግዲህ ቤታችን የምንጣላውም የምንታረቀውም በሱማሊኛ ቢሆንም፣ እጄ መጻፍ የለመደው በአማርኛ ነውና እንደ ድሮው ታገሰኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ካምፓላ ከሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ ከአብዲራሺድ ነው። በጥር ወር ሆዮ የሠራችውን ሙቅማድ በቆርቆሮ አሽጋ በእሱ እጅ ላከችልህ። አንተም በስልክ «እጅ ያስቆረጥማል፣ ሆዮ!» አልካት። እሷ ያን ቀን ለመጋላ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ስታወራ ዋለች። በየካቲት መጨረሻ አብዲራሺድ ጨርቅ ሊያራግፍ ሲመጣ ሱቁ በር ላይ አገኘሁትና እንዲያው ለወግ ያህል ጠየቅኩት። አንገቱን አከከ። ቆርቆሮውን ከፍተህ ፊትህን ማዞርህን፣ ካውሰርም አፍንጫዋን በሻሿ መያዟን፣ ሥጋው ለጎረቤት ውሻ መሰጠቱን፣ ውሻውም አሽትቶ መሄዱን ነገረኝ። ለእናትህ እንዳልነግራት በወላሂ አስምሎኛል።

አልተቀየምኩህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው እዋሽ ነበር። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። የሆዮ ሙቅማድ እኮ ነው! ሥጋውን በፀሐይ አድርቃ፣ እንደ ሽምብራ አድቅቃ ከትፋ፣ በቅቤ ጠብሳ እዚያው ቅቤ ውስጥ ስትቀብረው ዓመት ይቆይ ነበር። አባታችን በባቡር ጅቡቲ ሲመላለስ ከሣጥኑ ሥር ያስቀምጠው የነበረውን ታስታውሳለህ፤ በዚያ ቃጠሎ እንኳ ሽታው አይለወጥም ነበር። ታዲያ አሁን ምን ነካው? የእህታችን የአሚራ ሠርግ ደግሞ የቀረው ሦስት ወር ተኩል ነበር። ከሠርጉ በሰባተኛው ቀን እንደ ወጋችን የባል ወገኖች ጨርቅና ገመዱን ፈተው የሙሽሪትን ዕቃ ሲከፍቱ፣ ውስጡ ያለው የሆዮ ሙቅማድ ነው። በስንቱ እንግዳ ፊት የሚከረፋ ነገር ቢወጣ ስሙ የሚለጠፈው እናታችን ላይ ብቻ አይደለም፤ ትንሿ እህትህ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ትኖራለች።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ዘይት ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ዘይት አየር ምን ያህል ነክሶታል? ቅባት ከአየር ጋር ሲኖር ኦክስጅን ቀስ በቀስ ይገባበታል፤ መጥፎውን ሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። ለመለካት ዘይቱን ከመድኃኒቶች ጋር ስንቀላቅለው የተነካውን ያህል አዮዲን ይወጣል፤ ስታርች ጠብ ሲደረግበት ድብልቁ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ከዚያ ከላይ ከቀጭኑ መስታወት ሌላ ፈሳሽ እያንጠባጠብን ጥቁረቱ እስኪጠፋ ጠብታ እንቆጥራለን። ጥቂት ጠብታ ከሆነ ዘይቱ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ከሆነ ተበላሽቷል።

አንድ ጠዋት ሆዮ በመስኮቱ ሥር በነጭ ጀሪካን ካስቀመጠችው ቅቤ በብልቃጥ ቀዳሁና ይዤ ሄድኩ። አንጠባጠብኩ፣ አንጠባጠብኩ፤ ጥቁረቱ አልጠፋም። አለቃዬ የምሥራች በትከሻዬ ላይ አየችና «ይሄን ከየትኛው መኪና ቀዳሽው?» አለችኝ። የእናቴ ቅቤ ነው ስላት ብልቃጡን አሸተተችና በቀስታ «ሃምዳ፣ ቤታችሁ ውስጥ ይሄን ያሸተተ ሰው የለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። እኔና አሚራ ማጀት አንገባም፤ ሆዮ ራሷ ናት የምታወጣ የምታገባው። ግን ሆዮ! ቅቤ አሽትታ ላሚቱ ሣር በልታ ይሁን ገለባ የምትናገረው ሴት!

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሁለት ስኒ አቀረብኩላት፤ በአንዱ የጀሪካኑ ቅቤ፣ በአንዱ ያን ጠዋት ከመልካ ጀብዱ ከመጣው አዲስ ቅቤ። የትኛው ይሻላል አልኳት። ሁለቱንም አፍንጫዋ ሥር አደረገቻቸው። ከዚያ ምን አየሁ መሰለህ? ስኒውን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር የምታየው። መልሱን ከእኔ ግንባር ላይ ልታነብ ነበር የምትሞክረው። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለች በመጨረሻ። ስኒዎቹን አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

ያ ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ሳምንት የጣላት ትኩሳት ትዝ ይልሃል? ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸታትም፤ ሽንኩርትም፣ ሳሙናም፣ የሚቃጠል ወጥም። ምግብ ላይ ጨውና ስኳር ብቻ ነው የሚታወቃት። እስከ ዛሬ በቀለሙ፣ በድስቱ ድምፅ፣ በአሚራ አበላል እየተመራች ነው የምታበስለው። ለምን አልነገርሽንም ብላት «መጋላ ውስጥ የእኔ የሸምሶ አፍንጫ ጠፋ ከተባለ፣ ማን ነው ለሙቅማድ ሥጋውን አምኖ የሚሰጠኝ? እኔስ ማን ልባል ነው?» አለችኝ። ወላሂ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

ከየምሥራች አልደበቅኩትም። እሷ የወሎ ሰው ናት፤ እናቷ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት እንደሚጨምሩና ቅቤው ከርሞ እንደማይበላሽ ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ በፋብሪካው በር እንደ አጥር የተተከለውን የጥብስ ቅጠል በመስኮት እያሳየችኝ፣ በዚያ ቅጠል ውስጥ ካርኖሲክ አሲድ የሚባል ነገር እንዳለና በሌላ አገር ከቅጠሉ እያወጡ ዘይት ላይ እንደሚጨምሩት አጫወተችኝ። በየቀኑ በአጠገቡ ነበር የማልፈው! የታተሙ ጥናቶች አወጣችልኝና እያነበብኩ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆንኩ።

ላስረዳህ። ቅባት ሲበላሽ አንዱ ቅንጣት ሌላውን እየነካካ ነው የሚሄደው፤ አንዴ ከጀመረ በራሱ ይቀጥላል። ካርኖሲክ አሲድ መሐል ገብቶ ያ የተነካ ቅንጣት የጎደለውን ከራሱ ይሰጠዋል፤ ያኔ ሩጫው እዚያ ይቆማል። ሲሰጥ ራሱ ይለወጣል፤ ግን ተለውጦ የሚሆነው ካርኖሶል የሚባለው ነገርም ጥበቃውን ይቀጥላል። ደግሞ በውኃ ሳይሆን በቅባት ነው የሚሟሟው፤ ስለዚህ ለቅቤ የተፈጠረ ይመስላል። ተክሉ ግን ለእኛ ብሎ አይደለም የሚሠራው። ፀሐይና ድርቅ ሲበረታበት ቅጠሉ ውስጥ እንዲሁ መነካካት ይጀምራል፤ ራሱን የሚከላከልበት ነው። ይህን ሳነብ በዚያ ጠራራ ውስጥ የቆመውን ቁጥቋጦ በሌላ ዓይን አየሁት።

ማንበብ አልበቃኝም። አራት ብልቃጥ አዘጋጀሁ፤ አንዱ የጀሪካኑ ቅቤ ከጥብስ ቅጠል ጋር፣ አንዱ ትኩስ ቅቤ ብቻውን፣ አንዱ ትኩስ ቅቤ ከየምሥራች ኮሰረት ጋር፣ አንዱ ትኩስ ቅቤ ከጥብስ ቅጠል ጋር። ስድሳ ዲግሪ ማሞቂያ ውስጥ አስገብቼ በየሦስት ቀኑ ለካሁ። በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን የነበረው ተበላሸ። የኮሰረቱ በርትቶ ቆየ፤ የምሥራች ለእናቷ ደውላ አበሠረቻቸው። የጥብስ ቅጠሉ ግን ከጀመረበት ብዙም አልራቀም። የጀሪካኑ ቅቤ ምን ሆነ? ምንም አልተመለሰም። ቅጠሉ ያልተነካውን ይጠብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። ተስፋ ያደረግኩት በእሱ ነበርና ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ትምህርቱ ከእሱ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ቅቤው ትኩስ መሆን አለበት፤ ያን ደግሞ የሆዮ አፍንጫ ሊነግራት አይችልም።

ስለዚህ ራሷን አመጣኋት። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪ ገባች፤ በሻሿ ላይ መነጽር፣ በድሪያዋ ላይ ነጭ ጋዋን አድርገን ጢስ በሚስበው መስታወት ፊት አቆምናት። የመጀመሪያውን የጀሪካኑን ቅቤ አንጠባጠብኩላት፤ ጥቁረቱ እምቢ አለ። ለሁለተኛው፣ ለትኩሱ ቅቤ፣ ራሷ ቧንቧውን ያዘች። ከሁለት ጠብታ በኋላ ጥቁረቱ እልም ብሎ ጠፋ። ደነገጠችና እጇን ሰበሰበች፤ ከዚያ «ድገሚው» አለችኝ። አራት ጊዜ ደገምነው። የምሥራች ሻይ ይዛ ስትመጣ ሆዮ «ይሄ የመስታወት አፍንጫ ነው፤ ደግሞ አይዋሽም» አለቻት።

ጥያቄዋም አላለቀም። ቅጠሉ ከእሳቱ መቼ ይግባ? እሳቱ ሲበዛ ጠባቂው ራሱ እንደሚጠፋ ነግሬያት ነበርና፣ ቅቤው ተነጥሮ ከእሳት ከወረደ በኋላ ደረቁን ቅጠል አድርጋ ከድና አሳድራ ማጥለል እንደሚሻል ራሷ አሰበች። ለካነው፤ ልክ ነበረች! ጀሪካኑንም ጥላ ብርሃን በማያስገባ ቆርቆሮ ቀየረችው። ከዚያ ግን የፈራሁትን ጠየቀችኝ፤ «ለቅቤ እንዲህ ከሆነ ለሰውስ? አፍልቼ ብጠጣው አፍንጫዬን አይመልስልኝም?» አለች። ልዋሻት አልፈለግኩም። በመስታወት ውስጥ በተያዙ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ደስ የሚል ነገር እንደታየ፣ የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ እንደሚመስል፣ በሰው ላይ ግን ገና ማንም በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ነገርኳት። «እንግዲህ ይወቁና ይንገሩን» አለች። ከቅጠሉ ይልቅ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ አግባባኋት፤ ሄድን።

የሠርጉን ቪዲዮ አይተሃል፤ ቪዲዮው ያላሳየህን ልንገርህ። በሰባተኛው ቀን ዕቃው ሲከፈት የባሏ አክስት መጀመሪያ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና አለችና «ይሄ ምን ዓይነት ቅጠል ነው?» ብላ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፤ ከዚያ ሁሉም እጁን ሰደደ። ሆዮ ግን ምስጋናውን ተቀብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። ተነሥታ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት «እኔ አፍንጫዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቅቤውን በመስታወት ያየችልኝ ልጄ ናት» አለች። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከጥግ አንዲት ሽማግሌ ሴት «እኔም ከዚያ ትኩሳት ወዲህ አይሸተኝም፤ እብድ ይሉኛል ብዬ ነው የደበቅኩት» አለች። ሌሎች ሁለትም ቀጠሉ። አሁን በሳምንት አንዴ ሦስቱ ቤታችን እየመጡ ከሆዮ ጋር ይቀመጣሉ።

ምክንያቱም ሐኪሙ የሰጣት ሥራ አለ። ጠዋትና ማታ ዓይኗን ጨፍና ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ እንድታሸት፣ ሽታውን እንድታስታውስ፣ ለወራት እንዳታቋርጥ አዟታል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏታል። አንድ ወር ምንም አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ግማሽ ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ፊቷን ቋጠረችና «ናፍጣ! ናፍጣ ነው ያመጣሽብኝ!» ብላ ጮኸች። ሎሚ ነው ብላት አላመነችም፤ ዓይኗን ገልጣ አየችው። እኔ ተሳሳተች ብዬ ልቤ ሲወድቅ፣ ሐኪሙ የተጣመመ ሽታ ብዙ ጊዜ የመንቃት ምልክት መሆኑን እንደነገራት አስታወሰችኝ። ከዚያ ሎሚውን ከእጄ ነጥቃ እየደጋገመች ታሸተው ጀመር፤ ባሸተተችው ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ባጨማደደች ቁጥር ትስቃለች። «ይግማ! ሸተተኝ እኮ፣ ይግማ!» ትላለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አብዲራሺድ አንድ ቆርቆሮ ሙቅማድም ይዟል፤ የተሠራበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጽፌበታለሁ። ካውሰርን በጉንጯ ሳምልኝ፤ መንታዎቹን አንድ በአንድ እቀፍልኝ፤ ሱቅ አብሮህ የሚሠራውን ሳሚርንም ሰላም በልልኝ። አሚራ ከነባሏ እጅህን ትስማለች። የምሥራች ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ሆዮ ደግሞ በቃሏ የምለውን ጻፊ ብላኛለች፦ «ልጄ፣ ቢጥምህም ባይጥምህም ያሸተትከውን ንገረኝ፤ ከእንግዲህ የምሠራው በሰው አፍንጫም ጭምር ነው፣ የአንተንም ተበድሬሃለሁ።»

እህትህ ሃምዳ
ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሐምሌ ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.